እግሯ በጂግ፣ ጸጉሯ በሹሩባ

እሷ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ርዕሳችን "ልጆቻችን ከትምህርት ሰዓት ውጪ ምን ይማሩ?" የሚል ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ቅዳሜ ልንገርህ።

እሱ፦ ንገሪኝ እንጂ! ቪዲዮውን ልከሽልኝ ሦስቴ አየሁት።

እሷ፦ ልጄ ፓሬድ ላይ ጨፈረች! እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ፣ ከአይሪሽ ዳንስ ትምህርት ቤቷ ጋር። የአየርላንዶች የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ማርች 17 ነው አይደል? አሌክሳንድሪያ ግን ቀደም ብላ በማርች የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው የምታከብረው።

እሱ፦ አይሪሽ ዳንስ ግን ከየት መጣ?

እሷ፦ የክፍል ጓደኛዋ ስትጨፍር አይታ ነው። "እማዬ፣ እግሯ ከበሮ ነው" አለችኝ። በቃ፣ አስመዘገብኳት። ግን ጸጉሩን ሳልነግርህ አላልፍም።

እሱ፦ የምን ጸጉር?

እሷ፦ እነሱ ውድድር አላቸው፣ ፌሽ ይሉታል። እዚያ ብዙዎቹ ሴት ልጆች ጥቅልል ያለ ትልቅ ዊግ ያደርጋሉ። ሲዘሉ ጸጉሩም አብሮ ይዘላል። ዊግ ሳይመጣ በፊት እናቶች ማታ በቢጎዲን ጠቅልለው ያሳድሯቸው ነበር። እኔ ደግሞ ዓርብ ማታ ፒያስትራውን አሙቄ ተዘጋጅቻለሁ። የልጄን ጸጉር ቀጥ ላደርገው!

እሱ፦ ኧረ!

እሷ፦ መምህሯ ደወለች። "እባክሽ እንዳትነኪው፤ ሌሎቹ የሚገዙት እኮ የእሷን ነው" አለችኝ። አልዋሽህም፣ አለቀስኩ። እኔ በእሷ ዕድሜ ለበዓል የምዘጋጀው ጸጉሬ እየተተኮሰ ነው። ጆሮዬ ተቃጥሎ ያውቃል። ጥቅልሉ ያምራል ያለኝ ሰው አልነበረም።

እሱ፦ ይሄ ከፓሬዱም ይበልጣል።

እሷ፦ ቆይ፣ እናቴ አለች። ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነው ያለችው። "ልጅቷ ጸጉሯ ሳይሠራ አደባባይ ልትወጣ ነው?" ብላ ተነሳች። ሹሩባ ካልሠራሁ አለች። እስከ አምስት ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ፊቱን ሹሩባ ሠራች፣ ኋላው ተለቀቀ።

እሱ፦ ቪዲዮው ላይ ልጅቷን ወዲያው የለየኋት በሱ ነው! እንዴት አምሮባታል!

እሷ፦ አምሮባታል አይገልጸውም። ካልሲውን አየኸው? ነጭ፣ ጉብ ጉብ ያለ። እንዳይወርድ እግራቸው ላይ በኮላ ይለጠፋል። ለካልሲ ተብሎ የተሠራ ኮላ አለ! ጫማው ሁለት ዓይነት ነው፤ ለስላሳውና ጠንካራው። ያ የሚያንኳኳው ጠንካራው ነው፤ ጫፉ ፋይበርግላስ ነው። አስፋልት ይጨርሰዋል፣ ያንሸራትታልም። ስለዚህ የኛዎቹ በስኒከር ነው የወጡት። ትንሽ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይጨፍራሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ።

እሱ፦ እጃቸው ግን ለምንድነው የማይንቀሳቀሰው? እኔን የከበደኝ እሱ ነው። ትከሻ የሌለው ጭፈራ!

እሷ፦ እናቴም "እጇን ማን አሰረው?" ነው ያለችው። ከዚያ ሙዚቃው ሲጀምር ዝም ብላ ማጨብጨብ ጀመረች። ልክ ገባ! ጂግ የሚባለው የአይሪሽ ጭፈራ በስድስት ነው የሚቆጠረው። የኛ ችክችካም በስድስት ነው። እናቴ ይሄን ማንም አልነገራትም፤ እጇ ነው ያወቀው። ልጄ ፊት ለፊታችን ስትደርስ እልል አለች። ኪንግ ስትሪት ሙሉ ዞረ።

እሱ፦ ልጅቷስ?

እሷ፦ ፈገግ አለች። ትከሻዋ ግን ንቅንቅ አላለም። ተምራለቻ!

እሱ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፣ እንዳትቀየሚኝ። መጀመሪያ እስክስታውን ብታውቅ አይሻልም ነበር? የሰው ባህል ጥሩ ነው። ግን የራሷስ?

እሷ፦ እስክስታ ቤት አለ፣ ሠርግ ላይ አለ።

እሱ፦ ሠርግ በዓመት ስንቴ ነው? እነሱ እኮ በየሳምንቱ ነው የሚያስተምሩት።

እሷ፦ እሱ እውነት ነው። ግን ይሄን ስማኝ። በ1994 ደብሊን ላይ፣ በዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር መሃል ሪቨርዳንስ የሚባል የአይሪሽ ዳንስ ትርዒት ቀረበ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ዓለም ሁሉ አይሪሽ ዳንስን ያወቀው በሱ ነው። ፊት ሆነው የጨፈሩት ማይክል ፍላትሊና ጂን በትለር ግን የት ተወለዱ? አሜሪካ! ማይክል ቺካጎ ነው ያደገው። የስደተኛ ልጆች ናቸው፣ እንደኛዎቹ።

እሱ፦ እሱማ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው! እነሱ ልጆቻቸውን የራሳቸውን ስላስተማሩ ነው። እኛስ በየሳምንቱ የሚሰበሰብ የእስክስታ ክፍል ለምን አይኖረንም? ያውም እዚህ፣ ይሄን ያህል አበሻ ባለበት ከተማ።

እሷ፦ ይኑር፣ እኔ የመጀመሪያዋ አስመዝጋቢ ነኝ። ግን ጂጉን አላስቆማትም።

እሱ፦ አስቁሚያት አላልኩም። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልተስማማንም።

እሷ፦ አልተስማማንም፣ እሺ።

እሱ፦ ርዕሳችንስ? ምን ይማሩ?

እሷ፦ እኔ ከዚህ ያወቅኩት፣ ልጅቷ ራሷ አይታ ስለወደደችው ነው የጸናችው። ከዚያ በፊት ዋና አስገድጃት በሁለት ወር ተወችው። የቀረውን ሳምንት እንጨርሰዋለን። ደግሞ እናቴ ማክሰኞ ልምምድ የምወስዳት እኔ ነኝ ብላለች።

እሱ፦ መኪና ትነዳለች እንዴ?

እሷ፦ አትነዳም። ዛሬ ጠዋት የአውቶቡሱን ቁጥር ጠይቃኝ ወረቀት ላይ ጻፈችው።