ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ለምትገቡ እጩ መምህራን
(ደብረ ብርሃን ላይ፣ ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ እጩ መምህራን የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ እጩ መምህራን፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

በዚህ ብርድ በጠዋት ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ አይለምደውም። አሳጥራለሁ፤ ቢያንስ እሞክራለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ለልምምድ ትወጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ከተማ ትቀራላችሁ። ሌሎቻችሁ መንገዱ ሰላም ከሆነ መሐል ሜዳ፣ እነዋሪ፣ ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ። ሁላችሁም የምትገቡት ግን 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። ስለ ትምህርቱ ብዙም አልሰጋም። ሒሳብ የምታስተምሩት ሒሳብ ታውቃላችሁ። ሌሰን ፕላን መጻፍም ተምራችኋል፤ እንዲያውም ከልክ በላይ። እኔን የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ለምን ድንገት እንደሚያኮርፍ ሳታውቁ ከገባችሁ ያ ሁሉ ፕላን አንድ ሳምንት አይቆይም።

እነዚህ ሁለት ክፍሎች ብዙ ተንከራተዋል። በንጉሡና በደርግ ጊዜ «መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ» ተብለው ለብቻቸው ነበሩ። በ1986ቱ ፖሊሲ ከ5ኛና ከ6ኛ ጋር ተደርበው የአንደኛ ደረጃ ሁለተኛ ሳይክል ሆኑ። አሁን ደግሞ «መካከለኛ ደረጃ» ተብለው እንደገና ለብቻቸው ወጥተዋል። ስድስት፣ ሁለት፣ አራት የምንለው ይኸው ነው፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ።

አሜሪካኖችም በዚህ ዕድሜ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ጁኒየር ሃይስኩል ከፈቱ። ውሎ አድሮ ሲታይ ትልቁን ሃይስኩል በትንሹ የቀዳ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 ዊልያም አሌክሳንደር የተባሉ ምሁር ለዚህ ዕድሜ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ይኑር ብለው ተነሱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ካርኔጊ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ያወጣው ሪፖርት ደግሞ ሁለት ነገር ጠየቀ። መምህሩ ለዚህ ዕድሜ ተብሎ ይሰልጥን። እያንዳንዱ ተማሪም በትምህርት ቤቱ ውስጥ በደንብ የሚያውቀው ቢያንስ አንድ አዋቂ ይኑረው። ሁለተኛዋን ያዙልኝ። በጀት አትጠይቅም፤ የልጁን ስም ማወቅ ነው የምትጠይቀው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። 7ኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት የቁመት ልዩነት ነው። ሴቶቹ ጉርምስናን ቀድመው ስለሚጀምሩ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ይረዝማሉ። አንዱ ልጅ ጢም አውጥቷል፤ አጠገቡ ያለው ገና ሕፃን ይመስላል። ሁለቱም እኩል ያፍራሉ። ዴቪድ ኤልካይንድ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ጥሩ አድርጎ ገልጾታል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሰው ሁሉ እሱን ብቻ የሚያይ ይመስለዋል። ስለዚህ ድምፁ የጎረነነ ልጅ «ተነስና አንብብ» ሲባል የሚሰማው ንባቡን አይደለም፤ የጓደኞቹን ሳቅ ነው። አንዴ ከተሳቀበት ሴሚስተሩን ሙሉ እጁን ላያወጣ ይችላል። መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነው ያንብቡ፤ ፈቃደኛ የሆነው ለክፍሉ ያንብብ።

ቀጥሎ የምናገረውን ወንዶቹ በተለይ ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። የወር አበባ ክፍል ውስጥ ሊመጣ ይችላል። አንዲት ልጅ ከመቀመጫዬ አልነሳም ካለች እልኸኛ ናት ብላችሁ አትጩኹባት። ተዉአት፤ ቀስ ብላችሁ ለአንዲት ሴት መምህር ንገሩ። ሞዴስ የት እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን ጠይቃችሁ እወቁ። ውሃ የሌለበት ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ በየወሩ ለምን እንደምትቀር ሳትጠይቋትም ይገባችኋል።

የጋብቻም ነገር አለ። ከ18 ዓመት በታች በሕግ ክልክል መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክፍል ውስጥ የሚታየው ምልክት ግን ትንሽ ነው። ጎበዝ የነበረች ልጅ ዝም ትላለች። የቤት ሥራ ትተዋለች። ስሟ ሲጠራ ጓደኞቿ ይተያያሉ። ይህን ካያችሁ ለርዕሰ መምህሩ በዚያው ዕለት ንገሩ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። በእኛ አካባቢ ያለች የ7ኛ ክፍል ልጅ ያቦካችው ግን ለቤተሰቡ ሁሉ ራት ይሆናል። መንዝ ላይ የ14 ዓመቱ ልጅ በግ ይጠብቃል፣ በሬ ጠምዶ ያርሳል። ጅሩ ላይ አጨዳ ሲደርስ ከትልቅ ሰው እኩል ይሰለፋል። ሸዋ ሮቢት በኩል በማሾና በሽንኩርት ሥራ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ይውላል። ሰፈር ውስጥ አዋቂ ነው። ትምህርት ቤት ሲመጣ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ይባላል። እሺ ቢል ነው የሚገርመኝ። ኃላፊነት ስጡት። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ይያዝ፣ ሚኒ ሚዲያውን ይምራ፣ የችግኙን ቦታ ይከታተል። ሲቀርም «የት ጠፋህ!» ከማለታችሁ በፊት ሥራ ላይ መሆኑን አጣሩ፤ ያመለጠውንም አስይዙት።

ዕድሜም እንደ ፋይሉ አይደለም። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2014 ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና መጣ። ከዚያም በኋላ መቋረጡ ቀጠለ። ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣም ልጅ አለ። ስለዚህ የ12 ዓመት ልጅና የ16 ዓመት ወጣት በአንድ ወንበር ሊቀመጡ ይችላሉ። ትልቁን «ከማን ጋር ነው የምትማረው» ብሎ መቀለድ ልጁን ከትምህርት ገበታ ማስወጣት ነው።

ምላሳችንን ካነሳሁ አይቀር ልጨርሰው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ይላል። አርጩሜው በየቦታው ቀርቷል ብዬ አልዋሻችሁም። እሱን የተወው መምህር ራሱ ግን ሽሙጡን አልተወም። በ13 ዓመት ጓደኛ ፊት መዋረድ ከኩርኩም ይብሳል። የምትገሥጹትን ልጅ ከክፍል በኋላ ለብቻው አነጋግሩት። አብዛኛው ልጅ ተመልካች ሲያጣ ሌላ ሰው ይሆናል።

አእምሯቸውም በለውጥ ላይ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ እንዳለው ልጆች ከ11 እና 12 ዓመት ጀምሮ በዓይን የማይታየውን ማሰብ ይጀምራሉ። ይጀምራሉ ነው ያልኩት። ሁሉም በአንድ ቀን አይደርሱም። ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን ስታስተምሩ ከሕጉ አትነሱ። እዚህ ከተማ ህዳር ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስንት ወረደ? ቀን ላይ ስንት ወጣ? ልዩነቱስ? ቆላ ከሆናችሁ ብድር አለ፤ ዕዳ የማይገባው የገበሬ ልጅ የለም። ሕጉን ልጆቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።

የሳይንስ መምህራን፣ የእናንተ ነገር ትንሽ ይከብዳል። 7ኛና 8ኛ ላይ ትምህርቱ አሁን አጠቃላይ ሳይንስ ነው። ባዮሎጂ የወደደ ሰው ፊዚክሱን እየሸሸ መኖር አይችልም። የማታውቁትን ከባልደረባ ጠይቁ። ከአንድ ምዕራፍ ተደብቆ ሚኒስትሪ ላይ ተማሪውን መጣል ግፍ ነው።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና ልውረድ። በልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት አንድ ቀን አታስተምሩም። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዱና ከሰልፍ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከአንድ ክፍል ጋር ዋሉ። ከኋላ ተቀመጡ። አንድ ተማሪ በልባችሁ ምረጡ፤ ለእሱም ለማንም አትንገሩ። ስንት መምህር በስሙ ጠራው? ስንት ጊዜ ተናገረ? በእረፍት ከማን ጋር ነበር? ምሳ በላ ወይ? ስንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ጣለው? በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ወደ ሌሊቱ ይገፋል፤ ልጁ ደግሞ በጠዋት ተነስቶ በእግሩ ነው የመጣው። ማዛጋቱን ንቀት አታድርጉት። የእናንተን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ስድስተኛው ላይ እናንተም ይደክማችኋል፤ መድከማችሁንም ጻፉት።

የልጁን ስም አትጻፉ። ሁለት ገጽ ይበቃል። ስትመለሱ ትሰጡኛላችሁ። ማርክ የለውም፤ ሁሉንም ግን አነባለሁ። የምደባው ዝርዝር ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የትራንስፖርት ጥያቄ ያላችሁ እኔን ሳይሆን አስተባባሪውን ያዙ፤ ስለ ልጆቹ ጥያቄ ያላችሁ ግን እዚሁ ቆዩ።

አመሰግናለሁ።