አንቀጽ 6 ይሰረዝ፦ ለወላጆችና ለአሠልጣኞች ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሠልጣኞች፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ታዳጊዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን አንብበውታል፤ አልደግመውም። የተነሣሁት ስለ አንቀጽ 6 ነው። በእግር ኳስ ቡድናችን የተመዘገበ ልጅ በሌላ ስፖርት እንዳይመዘገብ የሚከለክለውን ማለቴ ነው። ባለፈው ጉባኤ አንቀጹ ሲጸድቅ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ተብሎ ተተረተና ተጨበጨበ። እዚሁ እንግሊዝ አገር ሁለቱንም ዛፍ የወጣ ሰው ነበረ። ክሪስ ባልደርስቶን ይባላል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1940 ሃደርስፊልድ ከተማ ተወለደ። በብርዱ ወራት መጀመሪያ ለሃደርስፊልድ ታውን፣ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ አሥር ዓመት ለካርላይል ዩናይትድ በአማካይ ቦታ ተጫወተ፤ ለካርላይል ብቻ ከ350 በላይ የሊግ ጨዋታ አለው። በሙቀቱ ወራት ለዮርክሻየር ካውንቲ (አውራጃ) ቡድን፣ ከ1971 ወዲህ ለሌስተርሻየር ክሪኬት መታ። ነሐሴ 1974 ካርላይል ገና ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን እንዳደገ ቶተንሃምን 1 ለ 0 ሲያሸንፍና የሊጉን አናት ሲይዝ፣ ፍጹም ቅጣት ምቷን ያገባው እሱ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቡድኑ የመጨረሻውን ደረጃ ይዞ ወረደ፤ ይህንንም አልሸሽግም።

አሁን ወደ መስከረም 15 ቀን 1975 ልውሰዳችሁ፤ ቀኑ ሰኞ ነበር። ሌስተርሻየር በታሪኩ አግኝቶት የማያውቀውን የካውንቲ ሻምፒዮና ዋንጫ ለመውሰድ ቼስተርፊልድ ላይ ከደርቢሻየር ጋር ተፋጧል። ጨዋታው የሦስት ቀን ነው፤ ያ ሁለተኛው ቀን ነበር። ባልደርስቶን 51 ራን (የክሪኬት ነጥብ) አስቆጥሮ፣ ተቃራኒው ሳያስወጣው፣ የቀኑ ጨዋታ አበቃ። ክሪኬት ለማትከታተሉ፦ 51 ማለት ኳሷ ከ20 ሜትር ርቀት ስትወረወር ዓይን ሳያርፍ ረጅም ሰዓት መቆም ማለት ነው፤ አንዴ የተዘናጋ ያን ዙር ተመልሶ አይገባም። እሱ ግን ነጩን ልብስ አውልቆ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘና ዶንካስተር ደረሰ። በ7 ሰዓት ተኩል ምሽት (የኛው አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው) የዶንካስተር ሮቨርስን ማሊያ ለብሶ በአራተኛ ዲቪዚዮን ከብሬንትፎርድ ጋር ተጫወተ፤ 1 ለ 1 ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ቼስተርፊልድ ተመልሶ ካቆመበት ቀጠለ። መቶውን አልፎ 116 ላይ ወጣ። በዚህም አልበቃው፤ በግራ እጁ ዝግ ያለ ተሽከርካሪ ኳሱን እየጣለ ሦስት ዊኬት ወሰደ፤ ሦስት መቺዎችን ከጨዋታ አስወጣ ማለት ነው። በሬይ ኢሊንግዎርዝ የሚመራው ሌስተርሻየር የመጀመሪያ የሻምፒዮና ዋንጫውን በዚያ ጨዋታ አነሣ። የኛ አንቀጽ 6 ቢኖርባቸው ኖሮ ይህን ሰው ያባርሩት ነበር!

በ1976 ለእንግሊዝ ተመርጦ ለንደን በሚገኘው ኦቫል ሜዳ ላይ በሁለቱም ዙር ዜሮ መውጣቱን የሚያነሣ አይጠፋም። አዎ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያስወጣው የዌስት ኢንዲስ ፈጣን ወርዋሪ ማይክል ሆልዲንግ ነው። ሆልዲንግ በዚያ ጨዋታ 14 ዊኬት ወስዷል። ሌሎቹንም ያስወጣቸው እግር ኳስ መጫወታቸው ነው? ባልደርስቶን ደግሞ ያኔ ዕድሜው 35 ነበር። በአንደኛ ደረጃ ክሪኬት (በከፍተኛው የብዙ ቀን ጨዋታ) ከ19,000 በላይ ራን ያለውን ሰው በሁለት ዜሮ መመዘን ለኔ ግፍ ነው።

ሁለቱን ስፖርቶች የለያያቸው የቀን መቁጠሪያ እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም። ያኔም ወቅቶቹ የሚደራረቡት በሚያዝያና ከነሐሴ እስከ መስከረም ብቻ ነበር። ኋላ የእግር ኳሱ ዝግጅት ወደ ሐምሌ ተሳበ፤ የካውንቲው ጨዋታ ከ1993 ጀምሮ አራት ቀን ሆነ። ለሊንከን ሲቲና ለዉስተርሻየር የተጫወተው ፊል ኒል እግር ኳሱን በ1985 ተወ፤ ከዚያም ዉስተርሻየርን በ1988 እና በ1989 እየመራ ሻምፒዮን አደረገ። እነዚህ ደመወዝተኞች ናቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ምን ውል አለው? ማን ነው በሐምሌ የሚፈልገው? ሜዳችን እንኳ ያኔ ዝግ ነው!

አደጋ የለውም አልልም። ከክሪኬት ወደ እግር ኳስ የሚዞር ልጅ ቋንጃው ለድንገተኛ ሩጫ አልለመደም፤ የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምር። በፍጥነት የሚወረውር ልጅ ደግሞ ወገቡ ይጎዳል፤ የጣላቸው ኳሶች ይቆጠሩ፣ በዚያው ቀን ግጥሚያ አይሰለፍ። ባልደርስቶንን ይህ ያላሰጋው በምክንያት ነው፦ መቺና ዝግ ያለ ወርዋሪ ነበር፤ መንደርደሪያው ጥቂት እርምጃ ነው። ግጥሚያ ሲጋጭ ሁለቱ አሠልጣኞች ይደዋወሉ።

ስለዚህ አንቀጽ 6 እንዲሰረዝ፣ በቦታውም «አሠልጣኙን አስቀድሞ ያሳውቃል» የሚል አንድ መስመር እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሊቀ መንበር፣ ደጋፊ ካለ ድምፅ ያስቆጥሩልን።