ሳሎኑ አይከፈል

ውድ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ነገ ጠዋት እንግሊዝ፣ ዋሪክሻየር ውስጥ ወዳለው ስቶንሊ አቢ እንሄዳለን። ከጉዞው በፊት አርክቴክት ነኝና አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቦታው በ1154 የተመሠረተ ገዳም ነበር። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማትን ሲዘጋ እሱም ተዘጋ፤ በ1561 የሊ ቤተሰብ እጅ ገባና መኖሪያ ቤት ሆነ። ነገ ገና ከሩቅ ዓይናችሁን የሚይዘው የምዕራቡ ክንፍ ነው። ፍራንሲስ ስሚዝ ከ1714 እስከ 1726 የሠራው። ሦስት ረድፍ መስኮት አለው፤ በየረድፉ 15። ይህን ቆጥራ በደብዳቤ የጻፈችው የደራሲዋ የጄን ኦስተን እናት ናት። በ1806 ከልጇ ጋር እዚያ በእንግድነት ስትሰነብት፣ ቤቱ ውስጥ መንገዱ እየጠፋት በየማዕዘኑ አቅጣጫ ጠቋሚ ይተከል ብላ ነበር።

አገልጋይ ሲጠፋና የውርስ ግብር ሲከብድ እንዲህ ያለውን ቤት ማን ይችለዋል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሱ። በ1974 ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ስለዚህ ጥፋት ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። እዚያ በቴፕ የተቀዳ ድምፅ የፈረሱትን ቤቶች ስም አንድ በአንድ ይጠራ ነበር፣ ልክ ሙት ሲታሰብ ስም እንደሚጠራው። ስቶንሊንም በ1960 እሳት ክፉኛ ጎድቶታል።

ብዙ ቤት ያተረፈው ሰው ኪት ማርቲን ነው። በ1980 ኖርፎክ ያለውን ጉንተን ሆልን ገዛ። ከፊሉ ከ1882 ቃጠሎ ጀምሮ ጣሪያ አልባ ሆኖ የቆመ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት ለብዙ ቤተሰብ መኖሪያ የሚያደርግበት ዘዴ ቀላል ነው፦ ትልቁን ክፍል አትክፈል። ቤቱን በተቻለ መጠን ከላይ እስከ ታች ቁረጠው፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የራሱን በርና የራሱን ደረጃ ስጠው።

ለምን መሰላችሁ? ሰፊ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ሲከፈል ያየ ሰው ይገባዋል። ብርሃኑ አንድ ወገን ብቻ ይቀራል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ጌጥ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ረጅም መስኮት መሀል ላይ ወለል ከገባማ ከውጭ ሳይቀር ይታያል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳይ ያመኛል።

ስቶንሊ በ1996 ወደ በጎ አድራጎት ድርጅት ከተዛወረ በኋላ ታደሰ። ዋና ዋናዎቹ አዳራሾች ሳይነኩ ለጎብኚ ተከፈቱ፤ ሌላው የቤቱ ክፍል መኖሪያ ሆነ። ሳሎኑ ስትገቡ ቀና በሉ። የጥንት ግሪኮች ተረት ጀግና የሄርኩለስ ገድል በጀሶ ተቀርጾ ከግድግዳው እስከ ኮርኒሱ ይሄዳል። ያ ክፍል ለሁለት ቢከፈል ታሪኩ መሀሉ ላይ ይበጠስ ነበር።

በእርግጥ እነዚህ የድሃ ቤቶች አይደሉም፤ ይሄ ይቆረቁረኛል። ለዚህ ነው ባዝ ያለውን ፌርፊልድ ሃውስን ደጋግሜ የማስበው። ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት በ1958 ለከተማዋ አረጋውያን ሰጡት።

ነገ ምቹ ጫማ አድርጉ። ፎቶ ስታነሱ ደግሞ መጋረጃ ወዳለባቸው መስኮቶች አትጠጉ፣ የሰው ቤት ናቸው።

አመሰግናለሁ።