ልጆቹን ለኪጋሊ ጀባ በሉልን

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንዴት ዋላችሁ?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የገበያው ሰዎች፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፤ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ብዙ አላንዛዛም። የታሪክ መምህር እንዲህ ሲል ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 12 የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችና ሁለት መምህራን በክረምቱ ለጥናት ወደ ሩዋንዳ ሊሄዱ አስበዋል። ለአሥር ቀን። ገንዘቡ ከሞላ ማለቴ ነው። አልሞላም።

ሐሳቡን መጀመሪያ ያዋየኋቸው አንድ አባት፣ ዛሬም እዚሁ አሉ፣ «መምህር፣ የሰው ቁስል ለማየት ይሄን ያህል ብር? የራሳችን መች ሻረና?» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን መልስ አጣሁ።

እነዚህ ልጆች በ2014 ዓ.ም. 7ኛ ክፍል ነበሩ። ያ የጦርነት ጥቅምትና ኅዳር እንዴት እንዳለፈ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው አልተርክም። ማን ልጁን አዝሎ በየት በኩል እንደወጣ ሁላችንም የየራሳችን አለን። አምና ክፍል ውስጥ «ከጦርነት በኋላ ምን ይመጣል?» ብዬ አንድ ገጽ አጻፍኳቸው። «ሰላም» ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አንዷ «ከጦርነት በኋላ ዴስክ ይጠፋል» ብላ ጀመረች። ሳቅኩ፤ ከዚያ ሳቄ ጠፋ። ሌላው ስለ ጎረቤቶቹ ጻፈ። አንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንደጠረጠረ፣ አንድም ቀን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም።

ለእኚያ አባት መልሴ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር። ጦርነቱን ልጆቹ አይተውታል። ያላዩት ከጦርነት በኋላ ሰው ከሰው ጋር እንዴት መልሶ እንደሚቀመጥ ነው።

ሩዋንዳ ውስጥ ከመጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ጀምሮ በ100 ቀን ገደማ 800 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አብዛኛው ቱትሲ የሚባለው ብሔረሰብ ሰው ነው። ብዙዎቹን የገደላቸው የሚያውቃቸው ሰው ነው፤ የአንድ መንደር፣ የአንድ ቤተክርስቲያን ሰው። ሲያበቃ እስር ቤቱ ሞላ። ከዓመታት በኋላም ወደ 120 ሺህ ተጠርጣሪ ታጉሮ ነበር። ዳኞቹ ግማሹ ሞቷል፣ ግማሹ ተሰዷል። በመደበኛ ችሎት እንየው ቢሉ ዕድሜ ልክ አይበቃም።

ስለዚህ ወደ ጥንቱ ሽምግልና ዞሩ። ጋቻቻ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ከሣር ነው፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ሣር። የእኛ የወሎው አስታራቂ ሽማግሌ፣ አባጋር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ደም እንደሚያደርቀው መሆኑ ነው። እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ጉዳይ አዩ። ጥፋተኛው በመንደሩ ሰው ፊት ቆሞ ያደረገውን፣ ሬሳውን የት እንደጣለ ይናገራል። የሟች ወገን ይሰማል።

ሁሉም ሸጋ ነበር አልላችሁም። ጠበቃ የሚባል ነገር አልነበረም። መስክረው የተገደሉ አሉ። በሐሰት የተወነጀሉም አሉ። ጦርነቱን አሸንፎ ሥልጣን የያዘው የአማፂ ወገን ወታደሮች ያጠፉት ጥፋት እዚያ ሣር ላይ አልቀረበም፤ ይህን የሚወቅሱ ልክ ናቸው። ልጆቹ ይሄንንም ጠይቀው እንዲመጡ ነው የምፈልገው።

ኪጋሊ፣ ጊሶዚ ላይ፣ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ያረፈበት መታሰቢያ አለ። ኒያማታ የሚባል ቤተክርስቲያንም አለ፤ የሟቾቹ ልብስ ዛሬም አግዳሚው ላይ ተከምሯል። እዚያ መግባት የከበደውን ልጅ አናስገድድም፤ አንደኛችን አብረነው ውጭ እንቀመጣለን። ቀኑን የመረጥነው የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ እንዲገባበት አድርገን ነው። ያን ጠዋት አገሩ በሙሉ ለኡሙጋንዳ ይወጣል። እንደ ደቦ በሉት፤ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቦይ ይቆፍራሉ። የእኛዎቹም አካፋ ይይዛሉ። ቤት ውስጥ መጥረጊያ አልነካ ያለውን ልጅ አውቀዋለሁ፤ እናቱ ፎቶ ላኩልኝ ብላለች።

አሁን ወደ ብሩ። ለቪዛ አፍሪካዊን አያስከፍሉም፤ ወገብ የሚቆርጠው የአውሮፕላኑ ነው። አንድ ሰው በጠቅላላው 95 ሺህ ብር ይፈልጋል። ለ14 ሰው 1 ሚሊዮን 330 ሺህ። አንድ ድርጅት ግማሹን እንችላለን ብሎን ነበር። አራት ወር ደጅ ጠናን፤ በመጨረሻ ስልክ ማንሳትም ተዉ። ልጆቹ ግን ቁጭ አላሉም። ፒያሳ ጫማ ጠረጉ፣ መኪና አጠቡ፣ ቆሎ ሸጡ። ከመምህራን መዋጮ ጋር 310 ሺህ ደርሷል። የቀረው 1 ሚሊዮን 20 ሺህ ነው።

አንድ ነጋዴ ብቻውን ይሸፍነው አንልም። መቶ ብርም ትመዘገባለች፤ ደረሰኝ ይቆረጥላታል። ብር ባይኖራችሁ ሻንጣ አውሱን፣ ጃኬት አውሱን። ጉዞው ባይሳካ ደረሰኙን ይዞ ለመጣ ብሩ ይመለስለታል።

እኚያ አባት ልጃቸውን አስመዝግበዋል። ጥያቄያቸውን ግን አልተዉም፤ «ሲመለሱ ራሳቸውን እጠይቃለሁ» ብለውኛል። ይጠይቋቸው።

በሩ ጋ ሁለት ልጆች ደብተርና ደረሰኝ ይዘው ተቀምጠዋል። ቡናው ቶና ላይ ነው። በረካውን ሳትጠጡ እንዳትሄዱ።