ጭቃው ውስጥ የገባው ሽማግሌ

ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለምወደው አንድ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል ስለተተረከ ታሪክ ነው። ፍራንክ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1986 በአራት ክፍል ያወጣው «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ»። ያላነበባችሁት ካላችሁ አትቀየሙኝ፤ መጨረሻውንም ጭምር ነው የምነግራችሁ።

ታሪኩ ስለ ባትማን ነው፤ ጭምብልና ካባ ለብሶ ወንጀለኞችን ስለሚያሳድደው ጀግና። ባትማን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ከዚያ ወዲህ አንባቢዎቹ አድገዋል፣ ወልደዋል፣ አርጅተዋል። እሱ ግን ያው ጎልማሳ ሆኖ ቀረ። ሚለር ነው ዕድሜውን የቆጠረለት። እዚህ ብሩስ ዌይን፣ ከጭምብሉ ጀርባ ያለው ሰው፣ 55 ዓመቱ ነው። ካባውን ከሰቀለ 10 ዓመት ሆኖታል። ሸብቷል፣ ይጠጣል። ወዳጁ የፖሊስ ኮሚሽነር ጎርደንም ጡረታ ሊወጣ ተቃርቧል።

አንድ ሌሊት ብሩስ ቴሌቪዥን ይከፍታል። ልጅ ሳለ ወላጆቹ በተገደሉበት ምሽት አብረው ያዩት ፊልም ነው የሚታየው። ቀጥሎ ያለውን ገጽ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ እዩት። ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው። የእናቱ የዕንቁ ሐብል በገዳዩ እጅ ይያዛል። ክሩ ይወጠራል። ይበጠሳል። ዕንቁዎቹ አየር ላይ ይበተናሉ። ስንት ዓመት አልፎ ያቺ ቅጽበት አሁንም ታዘግማለች። ሐዘን እንደዚህ ተስሎ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ከዚያ ካባውን ያወርዳል። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ዝናቡ እየወረደበት፣ 30 ዓመቴ ነው፣ እንዲያውም 20 ይላል ለራሱ። ወጣት ሆኜ ሳነበው ልቤን የሰረቀኝ ያ ገጽ ነበር። አሁን ግን ሳነበው ሰውዬው ያሳዝነኛል። ራሱን እየሸነገለ ነዋ።

ብዙም ሳይቆይ ዋጋውን ይከፍላል። ሙታንት የሚባለውን የወሮበላ ቡድን አለቃ በቡጢ ሊገጥመው ይወርዳል። አለቃው ወጣት ነው፣ ጡንቻው ድንጋይ ነው። ቀጥቅጦ ሊገድለው ምንም አይቀረው። የምትደርስለት ካሪ ኬሊ ናት፤ የ13 ዓመት ልጅ፣ የሮቢንን፣ የባትማንን ወጣት ረዳት፣ ልብስ በራሷ ገንዘብ ገዝታ የለበሰች። ከተማውን ጎታምን ሲጠብቅ የኖረውን ሰው ልጅ አዳነችው።

ሁለተኛው ፍልሚያ ጭቃ ውስጥ ነው። ቦታውን የመረጠው ባትማን ነው። ጭቃው የወጣቱን ፍጥነት ይበላዋል። ሽማግሌው አይቸኩልም። የቱ ጅማት ሲመታ ክንድ እንደሚዝል፣ የቱ አጥንት ሲሰበር ሰው እንደማይነሳ ያውቃል። ይሄ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ነው፣ ሐኪሙም እኔ ነኝ ይለዋል።

አባቴ አናጢ ነበር። ወገቡ እምቢ ካለው በኋላ ከባድ ሳንቃ ማንሳት ተወ። አንዱን ጫፍ ድጋፍ ላይ ያስቀምጥና ሌላውን በመዳፉ ጫን ያደርገዋል። ሳንቃው ራሱ ይነሳል። ከጎኑ ያሉት ወጣቶች ያልባቸዋል፣ እሱ ደረቅ ነው። ያንን የጭቃ ገጽ ባየሁ ቁጥር የአባቴ መዳፍ ትዝ ይለኛል።

ሁሉንም እቀበላለሁ ማለቴ አይደለም። ጭካኔው ይበዛል። አንድ ሰው በክንዱ ከተማ ያቅና የሚለው ሐሳብም ይከብደኛል። ይሄንን ለራሴ ሳልደብቅ ነው የምወደው።

መጨረሻው ላይ ከሌላው የኮሚክ ጀግና፣ ከሰው በላይ ኃይል ካለው ከሱፐርማን ጋር ይጋጠማል። ሱፐርማን በጊዜ ብዛት አልደከመም፤ ባትማን የብረት ልብስ ለብሶ፣ ልቡ እየከዳው ነው የሚቆመው። እዚያው ልቡ ቀጥ ይላል። ይቀብሩታል።

ክላርክ ኬንት፣ ማለትም ሱፐርማን፣ ከቀብሩ ሊሄድ ሲል አንድ ድምፅ ይሰማዋል። ከመሬት በታች የሚመታ ልብ ነው። ካሪ መቃብሩ አጠገብ ናት። ያያታል። ይጠቅሳትና መንገዱን ይቀጥላል።