ክንፏ የተሰበረ መስሎኝ ነበር (ስለ ሞንቲና ሮዝ ያወራንበት ክፍል)

ማህሌት፦ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ ርዕሳችን ዶክመንተሪ ነው፣ ቺካጎ ውስጥ ሰው በሚዋኝበት የሀይቅ ዳር ቢች ላይ ጎጆ ስለሰሩ ወፎች። ዮናስ ነው ካላየሽው ሞቼ እገኛለሁ ያለኝ፣ ስለዚህ እሱ ይጀምር።

ዮናስ፦ ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ሞንቲ ኤንድ ሮዝ ይባላል፣ ቦብ ዶልገን የሰራው፣ በፈረንጆቹ 2019 የወጣ፣ አጭር ነው፣ እራት ሳይቀርብ ታልቂዋለሽ። ወፎቹ ፓይፒንግ ፕሎቨር ናቸው። ቢቹ ሞንትሮዝ ስለሚባል ስሙን ለሁለት ከፈሉትና ወንዱን ሞንቲ ሴቷን ሮዝ አሏት።

ማህሌት፦ እኔ ደግሞ በአማርኛ ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ሮጥ-ቆም።

ዮናስ፦ ሮጥ-ቆም?

ማህሌት፦ አካሄዳቸውን አላየህም? ሮጥ ሮጥ ሮጥ ይሉና ቀጥ፣ ከአሸዋው የሆነች ነገር ለቀም፣ ደግሞ ሮጥ።

ዮናስ፦ ኧረ ልክ ነው፣ በቃ ከዛሬ ጀምሮ ሮጥ-ቆም ናቸው። እና ይሄን ታውቂያለሽ፣ ትልቁ እንኳን ስልሳ ግራም አካባቢ ነው፣ መዳፍሽ ላይ ብታስቀምጪው መኖሩን ሁሉ አትለዪውም። እኔ ልጀምር ያሰብኩት ከኮንሰርቱ ጉዳይ ነበር፣ ግን ማህሌት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዛ እንመለሳለን።

ማህሌት፦ ቀጥል።

ዮናስ፦ ልጅ ሆነን ትምህርት ሲዘጋ እኔና ታላቅ ወንድሜ አያታችን ጋ ነበር የምንሄደው፣ ጥጃ ጠብቁ ተብለን ሜዳ ላይ እንውላለን። አንድ ቀን ከእግሬ ስር አንዲት ወፍ ብድግ አለች፣ ግን አልበረረችም፣ አንድ ክንፏን መሬት ላይ እየጎተተች፣ ጭራዋን ዘርግታ፣ እየጮኸች በደረቷ ትንፏቀቃለች። ወንድሜ "ተሰብራለች፣ ያዛት!" አለኝ። ተከተልኳት። እጄን ስዘረጋ ሁለት ክንድ ያህል ፈቀቅ፣ ስደርስባት ደግሞ ሁለት ክንድ። አንዴማ የላባዋ ጫፍ ጣቴን ነክቶኛል፣ አሁን እንኳን ሳወራው ይሰማኛል። እንዲህ እንዲህ እያደረገች ሜዳውን ካሻገረችኝ በኋላ ቱር አለች፣ ሁለቱም ክንፏ ደህና፣ በአናቴ ላይ ዞራ ሄደች።

ማህሌት፦ እንዴ፣ ዳነች?

ዮናስ፦ እኔም ዳነች ብዬ ነዋ! ማታ ለአያቴ ስነግራት "እግዜር ምሯት ነው" አለችኝ፣ እኔም ይሄን ተአምር ብዬ ለስንት ሰው አውርቼዋለሁ መሰለሽ። ከዛ ይሄን ፊልም አየሁና ስለነዚህ ወፎች ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ ያደርጉታል! እንቁላላቸው አጠገብ ሰው ወይ ውሻ ሲመጣ ክንፋቸው የተሰበረ ያስመስላሉ፣ አንቺ ቀላል ሲሳይ አገኘሁ ብለሽ ትከተያለሽ፣ ከጎጆው ያርቁሻል፣ ከራቅሽ በኋላ ይበራሉ። ፕሎቨሮች ብቻ ሳይሆኑ መሬት ላይ የሚጥሉ ብዙ ወፎች ይሄን ያደርጋሉ። የኔዋ የትኛዋ ዘር እንደሆነች አላውቅም፣ ግን ክንፏ ምንም አልሆነም ነበር ማህሌት። እንቁላሏ እግሬ ስር ነበር።

ማህሌት፦ ውይ።

ዮናስ፦ ቆይ አላለቀም። የዛን ቀን ማታ ወንድሜ እግሩን ሲታጠብ ጣቶቹ መሀል አስኳል ነበር። ምንድነው ስለው ሳሩ ውስጥ የሆነ እንቁላል ረገጥኩ አለኝ። ይሄን ስንት ዓመት ሙሉ ለብቻው ነበር የማስታውሰው፣ ከወፏ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ሳነብ ነው ሁለቱ የተገናኙት፣ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ቁጭ አልኩ።

ማህሌት፦ ማለት፣ እሷ አንተን ይዛህ ስትሄድ...

ዮናስ፦ ወንድሜ እዛው ቀርቷል። እሷ አንድ ናት፣ እኛ ሁለት ነበርን።

ማህሌት፦ ኤጭ ዮኒ። አሁን ፊልሙን እንደገና ላየው ነው።

ዮናስ፦ ለዛ እኮ ነው ፊልሙ እንዲህ የያዘኝ። ጎጆ ስንል ደግሞ ዛፍ ላይ የተሰራ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ አሸዋ ላይ በደረታቸው ጎድጎድ ያደርጋሉ፣ ጠጠርና የቀንድ አውጣ ቅርፊት ስብርባሪ ጣል ጣል ያደርጉበታል፣ በቃ። አራት እንቁላል፣ መልኩ ቁርጥ አሸዋ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ያለው። ሞንቲና ሮዝ ተራ እየገቡ ሀያ ስምንት ቀን ገደማ ይታቀፉታል። ይሄ ሁሉ ደግሞ ቮሊቦል፣ ውሻ፣ ዣንጥላ፣ በጋሪ የሚገፋ ህፃን ባለበት ቢች ላይ ነው።

ማህሌት፦ እኔን የገረሙኝ ቮለንቲየሮቹ ናቸው። ገመድ ተወጥሯል፣ እነሱ ባይነኩላራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቀኑን ሙሉ ፀሀይ ላይ ቆመው ለመጣው ሁሉ ያስረዳሉ፣ እባክህ በዚህ ዙር፣ እባክሽ ውሻሽን ያዢው። ያውም በነፃ።

ዮናስ፦ እኛን ያኔ አንድ ሰው "ልጆች፣ በዛ በኩል ዙሩ" ቢለን እኮ እንዞር ነበር። ልጅ ነን፣ ምን ቸገረን?

ማህሌት፦ እሺ ግን ኮንሰርቱ ላይ አልስማማም፣ አሁኑኑ ልናገር።

ዮናስ፦ መጣች!

ማህሌት፦ ለማያውቅ ሰው፣ ማምቢ ኦን ዘ ቢች የሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል በዛው ዓመት በ2019 ኦገስት መጨረሻ እዛው ሞንትሮዝ ላይ ሊደረግ ነበር፣ በወፎቹ ምክንያት ተሰረዘ። አሁን አንድ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ ትኬት ገዝቶ ሲጠብቅ ከርሞ ለሁለት ወፍ ተብሎ ቀረ ሲባል ይከፋዋል፣ እኔ ብሆን ይከፋኛል። መድረክ የሚተክለው ሰራተኛም ለዛ ቀን ስራ አስቦ ነበር።

ዮናስ፦ ይከፋዋል፣ አልካድኩም። ግን ሁለት ወፍ አይደለችም እኮ ነገሩ። የታላላቆቹ ሀይቆች፣ ማለት አሜሪካና ካናዳ መሀል ያሉት፣ ፕሎቨር በ1986 ሊጠፉ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ የቀረው ከሀያ ጥንድ በታች ነበር፣ ከዛም ወርዶ ደርዘን ጥንድ ያህል ደርሷል። በሁሉም ሀይቆች ዙሪያ ማለት ነው! ግቡ 150 ጥንድ ነው፣ እስካሁን አልተደረሰበትም። ቺካጎ ውስጥ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አንድም ጎጆ አልተሰራም ነበር። ኮንሰርት ሌላ ቦታ ይሄዳል፣ ሮጥ-ቆም የት ይሄዳል?

ማህሌት፦ ሀይቁ ትልቅ አይደል እንዴ፣ ሌላ ዳርቻ የለም?

ዮናስ፦ ዳርቻው በቤትና በመዝናኛ ተይዟል፣ የሚፈልጉት ሰፊ ባዶ አሸዋ ደግሞ እየጠበበ ነው። መርጠውት አይደለም ከሰው መሀል የገቡት።

ማህሌት፦ እሱ ገብቶኛል። እኔ የምለው የልጁም ቅሬታ ቅሬታ ነው፣ ወፍ አትወድም ተብሎ ዝም አይባል።

ዮናስ፦ እሺ፣ በሱ ግማሽ መንገድ መጥቼልሻለሁ። ትኬት የገዛውን ልጅ አልሰደብኩም። መሰረዙ ግን ልክ ነበር።

ማህሌት፦ እኔም ግማሽ መንገድ። ይዘነው እንለፍ።

ዮናስ፦ ወደ ፊልሙ ልመለስና፣ መጀመሪያ የጣሉትን እንቁላል ሀይቁ ሞልቶ ሊወስደው ሲል ባለሙያዎች አነሱት። እነሱ ምን አደረጉ? እንደገና ጣሉ። ከዛ ጫጩት ወጣ፣ ሁለቱ ለመብረር በቁ። ጫጩቱ የተነደፈ ጥጥ ንፋስ ሲገፋው ነው የሚመስለው፣ በተፈለፈለ በሰዓታት ውስጥ ይሮጣል፣ ምግቡን ራሱ ነው የሚለቅመው፣ ሲበርደው ብቻ ሆዳቸው ስር ይገባል። አንዳንዴ አንድ ወፍ ስምንት እግር ያላት ትመስላለች!

ማህሌት፦ ሃሃ፣ እሱን ሳይ ጮኼያለሁ።

ዮናስ፦ 2021 ላይ ደግሞ ጎጆው ላይ የሽቦ አጥር ተደርጎበት እያለ፣ ማለት ፕሎቨሯ በቀዳዳው ሾልካ የምትገባበት አዳኝ ግን እንዳይገባ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ስከንክ፣ ያ መጥፎ ሽታ የሚረጨው የዱር እንስሳ፣ መጣና አራቱንም በላው። አራቱንም! ደግሞም ጣሉ። እኔ ስለነዚህ ሁለት ወፎች ሳወራ "ደግሞም ጣሉ" የምትለዋን ስንት ጊዜ ነው ያልኳት? የኔዋም ወፍ ደግማ ጥላ ይሆናል ብዬ አስቤያለሁ፣ እውነቴን ነው።

ማህሌት፦ ጥላ ይሆናላ። እና አሁን የት ናቸው?

ዮናስ፦ እሱን ነው መናገር የከበደኝ። ክረምቱን ተለያይተው ነው የሚያሳልፉት፣ እሱ ቴክሳስ እሷ ፍሎሪዳ፣ ከዛ በፀደይ ሞንትሮዝ ላይ ይገናኛሉ። 2022 ላይ ሞንቲ በኤፕሪል መጣ። ሮዝ አልመጣችም። እሱ እዛው ቢቹ ላይ ነበር፣ በሜይ መተንፈስ አቅቶት ሞተ፣ ሲመረመር ሳንባው በፈንገስ ተይዟል።

ማህሌት፦ ይሄን አልነገርከኝም። እሷን ሲጠብቅ?

ዮናስ፦ እየጠበቀ ነበር ብዬ መማል አልችልም። እዛው ነበር።

ማህሌት፦ ...እሺ። ደስ የሚል ነገር ንገረኝ።

ዮናስ፦ አለ! ከዛ ስከንክ በኋላ ከተጣለው እንቁላል የወጣ ልጃቸው፣ ኢማኒ፣ በስዋሂሊ እምነት ማለት ነው፣ ሞንቲ በሞተ በሳምንታት ውስጥ ሞንትሮዝ ገባ። ሚስት ግን የለውም። ሁለት ዓመት ብቻውን መጣ ሄደ። 2023 ላይ ሰው እጅ ያደጉ ጫጩቶች እዛው ቢች ላይ ተለቀቁ፣ አንዷ ሲ ሮኬት ትባላለች፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳ መጣችና ከኢማኒ ጋር ተጣመረች። አራት ፈለፈሉ፣ ናጋሞ የሚባለው አንዱ ለመብረር በቃ።

ማህሌት፦ እዛው አሸዋ ላይ?

ዮናስ፦ እዛው ሞንትሮዝ። ሁለተኛ ፊልም አለ፣ እሱን ገና አላየሁትም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንየው።

ማህሌት፦ እሺ፣ ግን ለወንድምህ ነግረኸዋል? ስለ እንቁላሉ?

ዮናስ፦ አልነገርኩትም። እሱ እኮ እስከ ዛሬ ወፏ ያመለጠችኝ ቀርፋፋ ስለሆንኩ ነው የሚመስለው።

ማህሌት፦ ደውልለት።

ዮናስ፦ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ ፊልሙን ልላክለት።