የዳታ ትምህርት ከመዝገቡ ይጀምራል

ውድ ሰልጣኞች፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ!

ዳታ አናሊቲክስ፣ ማለትም የመረጃ ትንተና፣ ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ባለቀለም ግራፍና ቁጥሮችን በአንድ ገጽ ሰብስቦ የሚያሳይ የሚያምር ዳሽቦርድ ነው። እሱም ይደረስበታል። ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። አብዛኛው ጊዜያችሁ የሚያልፈው የተዘበራረቀ መዝገብ ስታጸዱ ነው። እኔ ደግሞ ሙያው የሚወደደው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። የአንድ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል መዝገብ ኤክሴል ወደሚባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ተገልብጦ ተሰጣችሁ እንበል። ቀን በሚለው አምድ ላይ 05/01/2017 ተጽፏል። ጸሐፊዋ መስከረም 5 ቀን 2017 ማለቷ ነው። በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 መሆኑ ነው። ኤክሴል ግን ይህን አያውቅም። እንደ ኮምፒውተሩ ሴቲንግ፣ ወይ ጃንዋሪ 5 ወይ ሜይ 1 ቀን 2017 ብሎ ይወስደዋል። ተሳስቻለሁ አይልም፤ ዝም ብሎ ታካሚውን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ 30/02/2017 አለ። ጥቅምት 30 ነው። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ኤክሴል ይህን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ በአንድ አምድ ውስጥ ከፊሉ ቀን፣ ከፊሉ ጽሑፍ ሆኖ ቁጭ ይላል። ጳጉሜንማ ተዉት። ይህንኑ አምድ በየወሩ ደምሩ ብትባሉ ግራፉ ያምራል፤ ቁጥሩ ግን ውሸት ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። 3:00 ብሎ የመዘገበው ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ስድስት ሰዓት ጨምራችሁ ካላስተካከላችሁት፣ ሪፖርታችሁ ላይ ጤና ጣቢያው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሰው ተጨናንቆ ይታያል።

ስም ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ኃይለሚካኤል፣ ሀይለ ሚካኤል፣ ኃ/ሚካኤል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። አንድ ታካሚ ሦስት ጊዜ ተቆጠረ ማለት፣ ለሦስት ሰው የሚበቃ መድኃኒት ሊጠየቅለት ይችላል ማለት ነው።

ይህን አይቶ የሚያርም ሰው ማን ነው? ከኢንተርኔት የሚወርድ የእንግሊዝኛ ቪዲዮ ስለ ጳጉሜ አያስተምራችሁም። አስተማሪው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ የኛን መዝገብ ግን አያውቀውም። እናንተ ታውቁታላችሁ። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መማር ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ግማሹን ጊዜ በኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ፣ በኋላም በትብብር ስልጠና መዝገቡ ያለበት ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ ትሠራላችሁ። የጻፈችውን ልጅ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።

ወላጆች፣ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። «ዩኒቨርሲቲ ስላልመጣለት ነው እንጂ» የሚል ወሬ ሰፈር ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። እባካችሁ ለልጆቻችሁ አትድገሙባቸው። በየጤና ጣቢያው መረጃ የሚያደራጁት የጤና መረጃ ባለሙያዎች ብዙዎቹ ከኮሌጅ የወጡ ናቸው። የጤና ሚኒስቴሩ ሪፖርት የሚነሳው ከእነሱ እጅ ነው።

ስህተቱም የኛ አገር ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ 2020፣ ኮቪድ በተባባሰበት ሰዓት፣ የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት ወደ 16,000 የሚጠጉ በቫይረሱ የተያዙ ሰዎችን ከሪፖርቱ ሳያስገባ ቀረ። ሰበቡ አሮጌ የኤክሴል ፋይል ነው። ያ ፋይል ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም፤ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። እነዚያ ሰዎች ስላልተመዘገቡ፣ አብረዋቸው የነበሩትም በጊዜው አልተነገራቸውም። ያስገባችሁት መስመርና የወጣው መስመር እኩል መሆኑን መቁጠር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ በየቀኑ እናስቆጥራችኋለን፤ ሲሰለቻችሁም እናስቆጥራችኋለን።

ስለ ሶፍትዌሮቹ ብዙ አልልም። ከኤክሴል እንጀምራለን፣ ከመረጃ ቋት መረጃ ወደምንጠይቅበት ቋንቋ፣ ወደ ኤስኪውኤል፣ እንሻገራለን፣ ከዚያ የፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ፓይተንና ግራፍና ዳሽቦርድ የሚሠራበት ፓወር ቢአይ ይመጣሉ። ፓይተን በነፃ ይገኛል። ላፕቶፕ የሌላችሁ አትጨነቁ፤ ላብራቶሪው የተሠራው ለእናንተ ነው። የሙያ ብቃት ምዘናውንም ከአሁኑ አትፍሩት። ተመዛኙ የሚጠየቀው በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ነው፤ እናንተም ዓመቱን ሙሉ የምትሠሩት ያንኑ ነው።

ሰኞ ስትመጡ አንድ መዝገብ ይዛችሁ ኑ። የእናታችሁ የጉሊት ሂሳብ፣ የሰፈሩ ዕድር መዋጮ፣ የሱቅ የዱቤ ደብተር፣ ያገኛችሁትን። መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። የሰው ስምና ስልክ ካለበት ስትገለብጡ በቁጥር ተኩት፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ የሰውን መረጃ እንደፈለጉ ማድረግ እንደማይቻል ይደነግጋል። እኔም በክፍሌ ውስጥ አልፈቅድም። ደብተሩ የተቀደደ፣ የተሰረዘና የተደለዘ ቢሆን ግድ የለም። እንዲያውም እንደዚያ ያለውን አምጡልኝ፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በእሱ ላይ እንሠራለን።